የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቁጥር መቀነስ በድንገተኛ አደጋ ምላሽ ጊዜ ላይ የሚያስከትለው ለውጥ፦ ደሴና ኮምቦልቻ

የእሳት አደጋ መከላከልና የነፍስ አድን ሥራ በኢትዮጵያ ከማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎቶች አንዱ ነው። ተሽከርካሪው የሚገዛው፣ ጣቢያው የሚሠራውና ሠራተኛው የሚቀጠረው በከተማ አስተዳደሩ በጀት በመሆኑ፣ የአገልግሎቱ አቅም ከከተማ ከተማ ይለያያል። በጀት ሲጠብ ወይም ቅጥር ሲቆም ተቀናሽ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ተሽከርካሪው ሳይሆን የሰው ኃይሉ ነው። ተሽከርካሪ በግቢ ውስጥ ቆሞ ይታያል። በጡረታ፣ በዝውውር ወይም በተሻለ ደመወዝ ፍለጋ የለቀቀ ሠራተኛ ያልተተካ መሆኑ ግን ከአጥር ውጭ ላለ ነዋሪ አይታይም። ይህ ጽሑፍ የሠራተኛ ቁጥር ሲቀንስ የምላሽ ጊዜ ለምንና በምን ያህል እንደሚረዝም፣ በደሴና በኮምቦልቻ ደግሞ የመሬቱ አቀማመጥና የከተሞቹ የሥራ ጠባይ በጉዳዩ ላይ ምን እንደሚጨምሩ፣ በመጨረሻም ነዋሪው ከአገልግሎቱ ምን ሊጠይቅና በበኩሉ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ያብራራል።

የምላሽ ጊዜ ምን ምን ያካትታል

በተለምዶ የምላሽ ጊዜ ሲባል መኪናው ከጣቢያ ተነሥቶ አደጋው ቦታ እስኪደርስ ያለው ጉዞ ብቻ ይታሰባል። ነገር ግን ጉዞው ከብዙ ክፍሎች አንዱ ነው። እሳቱ ከተነሣበት ቅጽበት አንሥቶ አንድ ሰው እስኪያየው፣ ያየው ሰው የሚደውልበትን ቁጥር አግኝቶ እስኪደውል፣ ጥሪ ተቀባዩ ቦታውን ለይቶ ተረኛውን ቡድን እስኪያዝ፣ ቡድኑ የመከላከያ ልብሱን ለብሶ ከግቢ እስኪወጣ፣ መኪናው እስኪጓዝ፣ ከደረሰም በኋላ ቱቦ ተዘርግቶ ውሃ እስኪረጭ ያለው ጊዜ ሁሉ ይደመራል። ለተጎጂው የሚቆጠረው ሰዓት የሚያቆመው መኪናው ሲደርስ ሳይሆን ውሃው እሳቱን ሲነካ ነው።

የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር 1710 በተባለው ደረጃው፣ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያላቸው ጣቢያዎች ቡድን ጥሪ ከደረሰው በ80 ሴኮንድ ውስጥ ከጣቢያ እንዲወጣና የመጀመሪያው መኪና በ4 ደቂቃ ጉዞ እንዲደርስ ያስቀምጣል፤ በአንድ መኪና ላይም ቢያንስ 4 ሠራተኞች እንዲኖሩ ይጠይቃል። ይህ ደረጃ በኢትዮጵያ ከተሞች አስገዳጅ አይደለም። ሆኖም ቁጥሮቹ የተመረጡት በዘፈቀደ ስላልሆነ እንደ መለኪያ ያገለግላሉ። ስፖንጅና ሰው ሠራሽ ጨርቅ በበዛበት ዘመናዊ ክፍል ውስጥ የተነሣ እሳት ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መላውን ክፍል በአንድ ጊዜ ወደሚያቀጣጥልበት ደረጃ ሊደርስ እንደሚችል በሙከራ ታይቷል። ከእንጨትና ከጥጥ በተሠሩ የቀድሞ የቤት ዕቃዎች በተሞላ ክፍል ይኸው ሂደት ብዙ እጥፍ ጊዜ ይወስድ ነበር። ስለዚህ ከአርባ ዓመት በፊት የሚበቃ የነበረ የምላሽ ጊዜ ዛሬ አይበቃም።

አራት ሰው ሁለት ሲሆን

የሠራተኛ መቀነስ በጉዞው ርዝመት ላይ ለውጥ የለውም፤ ሁለት ሰው የጫነ መኪናም አራት ሰው እንደጫነው ይሮጣል። ልዩነቱ የሚታየው ከደረሱ በኋላ ነው። አንዱ የውሃ መግፊያውን ሞተር ይዞ ከመኪናው አይርቅም፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሾፌሩ ነው። ቱቦውን የሚጎትት፣ በር የሚከፍት፣ ሰው የሚፈልግ፣ መሰላል የሚያቆም፣ የኤሌክትሪክ መስመር መቋረጡን የሚያረጋግጥ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ጭስ ወዳለበት ቤት የሚገቡ ሠራተኞች ሁለት ሆነው እንዲገቡ፣ ሌሎች ሁለት ደግሞ እነርሱን ለማዳን ዝግጁ ሆነው በውጭ እንዲቆዩ የሚያዝ የደኅንነት ደንብ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። ሁለት ብቻ ሆኖ የደረሰ ቡድን ይህን ደንብ ካከበረ ከውጭ ውሃ ከመርጨት በቀር ሊገባ አይችልም። ካላከበረ ደግሞ የራሱን ሕይወት ያስይዛል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረገው የመስክ ሙከራ፣ በአንድ መኖሪያ ቤት ቃጠሎ ላይ የሚከናወኑ 22 ተግባራት በተለያየ መጠን ባላቸው ቡድኖች እንዲሠሩ ተደርጎ ጊዜያቸው ተለክቷል። አራት አራት ሰው የያዙት ቡድኖች ሁለት ሁለት ከያዙት በአማካይ 7 ደቂቃ ያህል ቀድመው ጨርሰዋል፤ ይህም ወደ 30 በመቶ የሚጠጋ ነው። ሦስት ሦስት ከነበሩትም በ25 በመቶ ገደማ ፈጥነዋል። ሰባት ደቂቃ ከላይ ከተጠቀሰው የክፍል ቃጠሎ ዕድሜ ይበልጣል።

የተረኛ ስሌት

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ስሌት ለበጀት ውይይትም ሆነ ለነዋሪው ግንዛቤ ይጠቅማል፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፈውም እርሱ ነው። አንድ የሥራ መደብ ሌሊትና ቀን፣ በበዓልም ሆነ በሰንበት ሰው እንዳይጎድልበት ከተፈለገ በሳምንት 168 ሰዓት መሸፈን አለበት። በፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ የመደበኛው የሥራ ሰዓት ጣሪያ በሳምንት 39 ሰዓት ነው። 168 ለ39 ሲካፈል ከ4 ሰው በላይ ይመጣል፤ ከ20 የሥራ ቀን የሚጀምረው የዓመት ዕረፍት፣ የሕመም ፈቃድና የሥልጠና ጊዜ ሲታሰብ ለአንድ መደብ 5 ሰው ገደማ ያስፈልጋል። አራት ሰው የሚጫንበትን አንድ መኪና ዓመቱን ሙሉ ለማሰማራት እንግዲህ ወደ 20 የሚጠጋ ሠራተኛ ይፈለጋል ማለት ነው።

ከእነዚህ 20 መካከል 4ቱ ቢለቁና ሳይተኩ ቢቀሩ፣ በወረቀት ላይ የሚታየው የ20 በመቶ ቅናሽ ነው። በተረኛ ሰሌዳው ላይ ግን ዕረፍትን ጨምሮ ሲሰላ በሳምንት 108 የሰው ሰዓት ይጎድላል። ጉድለቱ በእያንዳንዱ ፈረቃ አንድ ሰው እንዲሆን ተደርጎ ቢከፋፈል፣ መኪናው በሳምንቱ ውስጥ ለአራት ቀን ተኩል ያህል በሦስት ሰው ይወጣል፤ ሙሉ ቡድን የሚኖረው ለሁለት ቀን ተኩል ብቻ ነው። ከለቀቁት አንዱ ሾፌር ከሆነ ችግሩ ከስሌቱ ይብሳል፤ መኪናውን የሚነዳና ሞተሩን የሚያንቀሳቅስ በሌለበት ሌሊት የቀሩት ሦስቱም ከጣቢያ አይወጡም።

ጉድለቱን በትርፍ ሰዓት ሥራ መሸፈን ይቻላል፤ ለጊዜውም ይሠራል። ነገር ግን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ራሱ በጀት ይጠይቃል፣ የደከመ ሠራተኛም ይዘገያል፤ በዚህ ሁኔታ የቀሩት ልምድ ያላቸው ሠራተኞችም መልቀቅ ይጀምራሉ።

ደሴ፦ ዳገቱና መተላለፊያው

ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ዋናው አስፋልት ሸለቆውን ተከትሎ ያልፋል፤ ከእርሱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወጡት የሰፈር መንገዶች ብዙዎቹ ዳገት፣ ጠባብና በድንጋይ የተነጠፉ ናቸው። በውሃ የተሞላ መኪና ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ 5,000 ሊትር ውሃ ብቻውን 5 ቶን ይመዝናል። ክረምት ላይ ጭቃና ጎርፍ ሲጨመር መኪናው ሰፈሩ አፋፍ ላይ ቆሞ ቀሪው መንገድ በእግር ቱቦ እየቀጠሉ የሚሄዱበት አጋጣሚ ይኖራል።

የሠራተኛ ቁጥር በደሴ ከሜዳማ ከተማ ይልቅ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። መኪናው በር ላይ በሚደርስበት ሰፈር ሦስት ሰው የሚሠራውን፣ 100 ሜትር ዳገት ላይ ቱቦ መሳብ በሚጠይቅ ሰፈር ስድስት ሰውም ላይወጣው ይችላል። በእንጨትና በጭቃ የተሠሩ፣ ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቁ ቤቶች ባሉበት አካባቢ ደግሞ እሳቱ የሚጠብቀው አንድ ቤት ብቻ አይደለም። በፒያሳና በሰኞ ገበያ አካባቢ ያሉት ሱቆችም ጨርቅ፣ ፕላስቲክና ካርቶን በአንድ ጣራ ሥር ያከማቻሉ።

የገበያ ቃጠሎ ምን እንደሚመስል ለማየት የአዲስ አበባውን መርካቶ ማስታወስ ይበቃል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ፣ በአገሪቱ ካሉት ሁሉ የተሻለ የሰው ኃይልና ተሽከርካሪ ያለው የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ተሰማርቶበትም ለሰዓታት ቆይቷል። የአካባቢው መንገድ ለተሽከርካሪ አመቺ አለመሆኑና የሕዝቡ መጨናነቅ ሥራውን እንዳከበዱት በወቅቱ ተገልጿል። በርካታ ጣቢያዎች ያሏት ከተማ በመተላለፊያ ጥበት ይህን ያህል ከተፈተነች፣ ተረኛው ሊጎድልበት በሚችል ከተማ የሱቅ ዕቃን ከመንገድ ማንሣት የንጽሕና ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

የደሴ የአደጋ ሠራተኛ የሚጠራው ለእሳት ብቻ አለመሆኑም መታወስ አለበት። ከተማዋ ለመሬት መንሸራተት የተጋለጠች ናት። በክረምት ናዳ ሲወርድ፣ ቤት ሲደረመስ ወይም ሰው በጎርፍ ሲወሰድ የሚላከው ቡድን ያው ነው። ሁለት ጥሪ በአንድ ሰዓት ቢመጣ ሁለተኛው ጥሪ የሚያገኘው ከመጀመሪያው የተረፈውን ነው።

ኮምቦልቻ፦ ፋብሪካ፣ ነዳጅና አውራ ጎዳና

ኮምቦልቻ የተለየ ሥጋት ያለባት ከተማ ናት። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ከቢራ ፋብሪካውና ከሌሎች ነባር ድርጅቶች በተጨማሪ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቆባታል። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ የሚመጣው መንገድ ከአዲስ አበባና ከመቀሌው አውራ ጎዳና ጋር የሚገናኘው በዚያ ነው። በዚህ መስመር የነዳጅ ቦቴዎች ያልፋሉ። የጥጥ ብናኝ፣ የተከማቸ ጨርቅ፣ ኬሚካልና ነዳጅ እያንዳንዳቸው የተለየ የማጥፊያ ስልት ይጠይቃሉ። የነዳጅ እሳት ላይ ውሃ ብቻ መርጨት እሳቱን ሊያሰፋው ይችላል፤ አረፋና አረፋውን መጠቀም የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ በኮምቦልቻ የሰው ኃይል ጥያቄ የቁጥር ብቻ ሳይሆን የሙያም ነው፤ አሥር ዓመት የሠራ አንድ ሠራተኛ ሲለቅ በአዲስ ተቀጣሪ በአንድ ወር አይተካም።

ትልልቅ ድርጅቶች የራሳቸውን የእሳት ማጥፊያ መሣሪያና የሠለጠነ ቡድን እንዲይዙ ይጠበቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001ም ስለ ሕንጻዎች የእሳት መከላከያ ድንጋጌ ነበረው። ከዚህ ውጭ በከተማዋ የሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ ይጠቀሳል። የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደረጃ የማረፊያ እሳት አደጋ ቡድን ወደ ማንኛውም የመንደርደሪያው ክፍል በ3 ደቂቃ ውስጥ እንዲደርስ ያስገድዳል። ይህን ማሳካት የሚቻለው በረራ ባለበት ሰዓት ሁሉ መኪናውም ሰውም ከቦታው የማይለቅ በመሆኑ ነው። ነዋሪዎች አልፎ አልፎ «የማረፊያው መኪና ለምን አይመጣም» ሲሉ ይጠይቃሉ። መኪናው በረራ እያለ ቢወጣ ማረፊያው ያለ ጥበቃ ይቀራል፤ በዚያ ተስፋ የከተማውን አገልግሎት ማሳነስም አይቻልም።

በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መደጋገፍ

አንደኛው ከተማ ሲቸገር ሌላው ይረዳል የሚለው አሠራር ትክክለኛና አስፈላጊ ነው። ነገር ግን በሰዓት ሲለካ ወሰኑ ይታያል። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሐረጎ ተራራ በኩል ጠመዝማዛ ሆኖ የሚወርደው ይህ መንገድ ከ600 ሜትር የማያንስ የከፍታ ልዩነት አለው። ምንም እንቅፋት ሳይገጥመው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና 37 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ውሃ ጭኖ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ዳገቱን የሚወጣ፣ ወይም በጭጋግና በከባድ ተሽከርካሪ ሰልፍ መካከል የሚጓዝ ከዚያ በላይ ይወስዳል። በዚህ ጊዜ የሚመጣው እርዳታ ጎረቤት ቤቶችን ለማዳን፣ ውሃ ለማቀበልና የደከመውን ቡድን ለመተካት ይጠቅማል። እሳቱ የተነሣበትን ክፍል አያድንም። ረጂው ከተማም በዚያ ሰዓት ራሱ ይጎድላል።

ሁለቱ ከተሞች ከጥቅምት መገባደጃ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት በርካታ የሕዝብ መገልገያ ተቋሞቻቸውና ፋብሪካዎቻቸው ዘረፋና ውድመት እንደደረሰባቸው ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የከተማ በጀት ሆስፒታልን፣ ውሃን፣ ትምህርት ቤትንና መንገድን በአንድ ጊዜ መልሶ ማቋቋም ነበረበት። በእንዲህ ያለ ዝርዝር ውስጥ የእሳት አደጋ ሠራተኛ መደብ ወደ ኋላ መገፋቱ አያስደንቅም፤ እሳት ባልተነሣበት ወር የሠራተኛው ደመወዝ ትርፍ ወጪ ይመስላል።

አማካይ ቁጥር የሚደብቀው

የሎንዶን ከተማ በጥር 2014 እ.ኤ.አ. ወጪ ለመቀነስ ሲባል 10 የእሳት አደጋ ጣቢያዎችን ዘግታ 14 መኪናዎችን ከአገልግሎት አውጥታለች፤ 552 የሥራ መደቦችም ተሰርዘዋል። ከዚያ በኋላ የመላው ከተማ አማካይ የመድረሻ ጊዜ ለመጀመሪያው መኪና ከተቀመጠው የ6 ደቂቃ ግብ ሳያልፍ ቀጥሏል። ጣቢያ በተዘጋባቸው ሰፈሮች ግን ጊዜው ጨምሯል። ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ ከዚህ የሚገኘው ቁም ነገር፣ የከተማ አማካይ ብቻ በቂ መረጃ አለመሆኑ ነው። በመሐል ከተማ ያለው ፈጣን ምላሽ ጢጣ ወይም ሌላ ዳር ሰፈር ያለውን መዘግየት ሊሸፍነው ይችላል፤ የቀኑም የሌሊቱን።

ነዋሪው ሊያደርግ የሚችለው

ከሁሉ አስቀድሞ የስልክ ቁጥሩ ነው። 939 የሚታወቀው በአዲስ አበባው ኮሚሽን የጥሪ ቁጥርነቱ ስለሆነ፣ በየከተማው ተመሳሳይ ነው ብሎ መገመት አይገባም። የደሴና የኮምቦልቻ ነዋሪ የከተማውን የእሳት አደጋ አገልግሎት ቀጥተኛ ቁጥር ከቀበሌው ወይም ከማዘጋጃ ቤቱ ወስዶ በስልኩ መዝግቦ፣ በቤቱና በሱቁ ግድግዳም ጽፎ ሊያኖር ይገባል። በወሎ ቅሬ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር በየሰፈሩ ያለ በመሆኑ፣ ቁጥሩን ለአባላቱ ለማዳረስና ሌሊት የሚደውል ሰው ለመመደብ ከእርሱ የተሻለ መንገድ አይገኝም።

በሚደወልበት ጊዜ በቅድሚያ የሚነገረው ቦታው ነው፤ ሰፈሩ፣ በአቅራቢያው የሚታወቅ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት፣ መኪና እስከ የት እንደሚገባ። ቀጥሎ ምን እንደሚቃጠልና በውስጥ ሰው መኖር አለመኖሩ ይገለጻል። ጥሪ ተቀባዩ ሳይጨርስ ስልኩ መዘጋት የለበትም። አንድ ሰው እስከ ዋናው መንገድ ወጥቶ መኪናውን እየመራ ቢያስገባ፣ በማያውቁት መንታ መንገድ የሚጠፋውን ጊዜ ያስቀራል። ቡድኑ በሰው ቁጥር ያነሰ ከሆነ ይህ እርዳታ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ከደረሱ በኋላ ግን በቱቦው ላይ መቆም፣ መኪናውን መክበብና ሠራተኞቹን ወደ ራስ ቤት ለመጎተት መሞከር ሥራውን ያዘገያል።

ሰዎችን ማስወጣት ዕቃ ከማውጣት ይቀድማል። የሚቃጠለውን ክፍል በር ዘግቶ መውጣት እሳቱን አየር ያሳጣዋል፤ ብዙ ሰው ግን በሩን ክፍት ትቶ ይሮጣል። የሚቻል ከሆነ የኤሌክትሪክ ቆጣሪው ማብሪያ ማጥፊያ ዝቅ ይደረጋል፤ የቡታጋዝ ሲሊንደሩ ይዘጋል። በሚነድ ዘይት ላይ ውሃ አይደፋም፤ ድስቱ በክዳን ይታፈናል። ስድስት ኪሎ የሚይዝ የዱቄት ማጥፊያ ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ስለሚያልቅ የሚያገለግለው ገና ሲጀምር ላለ ትንሽ እሳት ነው። የሐሰት ጥሪ ደግሞ አንድ ብቻ ተረኛ ቡድን ባለበት ከተማ መላውን ከተማ ለዚያ ጊዜ ያለ አገልግሎት ያስቀራል።

መረጃ ስለ መጠየቅ

የመገናኛ ብዙኃን ነጻነትና የመረጃ ነጻነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት አካል እጅ ያለን መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ ለጥያቄውም በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ነዋሪው፣ ቅሬው ወይም የንግድ ማኅበሩ ለከተማ አስተዳደሩ በጽሑፍ ሊያቀርባቸው ከሚችላቸው ጥያቄዎች መካከል፦ ከተፈቀዱት የእሳት አደጋ መደቦች ምን ያህሉ በሰው እንደተያዙ፣ በሌሊት ፈረቃ በአንድ መኪና ስንት ሰው እንደሚመደብና ስንት ሾፌር እንዳለ፣ ከጥሪ እስከ ውሃ መርጨት ያለው ጊዜ በየክፍለ ከተማው ምን ያህል እንደሆነ፣ የሚሠራ የውሃ መቅጃ የት የት እንደሚገኝ ይገኙበታል። ጥያቄው የሠራተኞችን ስም ወይም የግል ማኅደር መጥቀስ አያስፈልገውም።

ቃጠሎ የደረሰበት ሰው ለመድን ካሳም ሆነ ለሌላ ድጋፍ ከፖሊስና ከእሳት አደጋ አገልግሎቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ሊጠየቅ ይችላል። ማመልከቻውን በቶሎ ማቅረብ፣ ምርመራው እስኪያልቅም የተቃጠለውን ቦታ አለማንሣት ይጠቅማል። የተደወለበትንና መኪናው የደረሰበትን ሰዓት ከስልክ መዝገብ ላይ ገልብጦ ከማመልከቻው ጋር ማያያዝም ይቻላል።